ገዳይን በጨዋታ ስለ መፈለግ፤ የቀና ሕግ ምንድር ነው?

ጨዋታ ለዕረፍት ጊዜ የተተወ ነገር ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ይናቃል። ነገር ግን ሰው በሥራው ላይ ሳለ የሚሸፍነውን ጠባይ በጨዋታው ላይ ይገልጠዋል፤ ገበጣ ሲጫወት ፈጥኖ የሚቈጣ ሰው በሸንጎም ሲቀመጥ ቍጣውን ይዞ ይቀመጣል። ስለዚህ የጨዋታ ሕግ እንዴት ሊሠራ ይገባዋል ብሎ መጠየቅ፥ ሰው ከሰው ጋራ በምን ዐይነት ሕግ ሊኖር ይገባዋል ብሎ ከመጠየቅ ብዙ አይርቅም። ከጨዋታዎችም ሁሉ ይህን ጥያቄ አጥብቆ የሚያነሣ አንድ ጨዋታ አለ፤ እርሱም ብዙ ሰዎች ተሰብስበው፥ እያንዳንዱ የሌላ ሰው ስምና ጠባይ ይዞ፥ በመካከላቸው የተሰወረውን ገዳይ የሚፈልጉበት ነው።

የጨዋታው አኳኋን እንዲህ ነው። ከተሰበሰቡት አንዱ የጨዋታው ዳኛ ይሆናል፤ ታሪኩን የሚያሰናዳ፥ ፍንጩንም በየጊዜው የሚያወጣ እርሱ ነው። የቀሩት ዕጣ አውጥተው የሚመስሉትን ሰው ይይዛሉ፤ ከነርሱም ለአንዱ ብቻ «ገዳዩ አንተ ነህ» የሚል ዕጣ በስውር ይደርሰዋል። ከዚያ በኋላ ሁሉም በያዙት ሰው ስም እየተናገሩ፥ እየጠየቁና እየመለሱ፥ እውነቱን በአንድነት ለማውጣት ይደክማሉ። ለምሳሌ ያህል፥ በጌዴኦ አገር በዱመርሶ፥ የቡናው ለቀማ ካለቀ በኋላ ዐሥር ሰዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው ይህን ጨዋታ ቢጫወቱ፥ ታሪኩን ከአገራቸው ሥራ ያወጡታል። ሟቹ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሒሳብ ያዥ ነው ይባላል፤ ሬሳውም በማለዳ ቡና ከሚሰጣበት አልጋ አጠገብ ተገኘ ይባላል። ከተጫዋቾቹ አንዱ የሌሊት ዘበኛ፥ አንዱ ሚዛን ያዥ፥ አንዱ ቡና አቅራቢ ነጋዴ፥ አንዲቱ ቡና ለቃሚ፥ አንዱም የሟቹ ወንድም ይሆናሉ። ይህ ሁሉ ለነገሩ ማስረጃ የታሰበ ምሳሌ ነው እንጂ የሆነ ታሪክ አይደለም፤ ነገር ግን የሕጉ ጥያቄ ሁሉ በዚህ ምሳሌ ላይ ይታያል።

አስቀድሞ አንድ ተቃውሞ ይነሣል። መግደል ከበደሎች ሁሉ የከፋ፥ ሐሰት መናገርም የተከለከለ ሆኖ ሳለ፥ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ መጫወቻ ማድረግ እንዴት ይገባል? የሚል ነው። ይህ ተቃውሞ በሣቅ የሚታለፍ አይደለም። መልሱ ግን ጨዋታው በምን ደስ እንደሚያሰኝ በመመርመር ይገኛል። ግድያው ጨዋታው ሳይጀመር ያለፈ ነገር ነው፤ ሰዎቹን የሚያስደስታቸው መግደሉ ሳይሆን የተሰወረው መገለጡ ነው። የሶስናን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህን ደስታ ያውቀዋል፤ ዳንኤል ሁለቱን ሐሰተኞች ሽማግሎች ለያይቶ፥ በየትኛው ዛፍ ሥር እንዳዩአት አንድ አንዱን ለብቻው ሲጠይቅና ቃላቸው ሲለያይ፥ የአንባቢው ልብ ያርፋል። በቤል ታሪክም ዳንኤል በቤተ ጣዖቱ ወለል ላይ ዐመድ ነስንሶ፥ በማለዳ የካህናተ ጣዖቱ እግር ተቀርጾ ሲታይ እንዲሁ ነው። እነዚህ ሁለቱ ታሪኮች ምርመራ በጥበብ ሲደረግ ለንጹሕ ሰው መዳኛ እንደሚሆን ያሳያሉ። ከተቃውሞው ውስጥ ግን አንድ እውነት ይቀራል፤ ይህ ጨዋታ ሕግ ካልጠበቀው ከማስረጃ ይልቅ ጩኸት የሚያሸንፍበት፥ ንጹሕን ወንጅሎ መደሰት የሚለመድበት ይሆናል። እንግዲህ ጨዋታውን መልካም ወይም ክፉ የሚያደርገው ሕጉ ነው ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሕግ እውነቱ ፍለጋው ሳይጀመር የተወሰነ ይሁን የሚል ነው። ይህን የአገራችን ልጆች ከእንቆቅልሽ ያውቁታል። «እንቆቅልሽ» የሚለው ልጅ መልሱን አስቀድሞ በልቡ ይዟል፤ «ምን አውቅልህ» ያለው ልጅ መልሱን ሲያጣ አገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም አገሩን ከተቀበለ በኋላ መልሱን ይነግረዋል። ጠያቂው መልሱ እንደ ተገኘበት ባየ ጊዜ በልቡ የያዘውን ቢለውጥ፥ ልጆቹ ሁሉ በአንድ ቃል አጭበርባሪ ይሉታል። በገዳይ ፍለጋውም እንዲሁ ነው። ዳኛው ዘበኛውን ገዳይ አድርጎ ሲያበቃ፥ አንዲት ብልህ ሴት በመጀመሪያው ሰዓት ዘበኛውን ብትነካበት፥ ጨዋታው ቶሎ እንዳያልቅበት ብሎ ገዳዩን ወደ ነጋዴው ቢያዛውር፥ የሚፈለገው እውነት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠፋ። ተጫዋቾቹ ምንም ቢያስቡ፥ ምንም ቢጠይቁ፥ የሚያገኙት የዳኛውን ፈቃድ ብቻ ነው። ማንም ያላወቀበት እንደ ሆነስ ምን ይጎዳል? ቢሉ፥ ሴቲቱ በትክክል አስባ ሳለ ተሳሳትሽ ተብላለችና ተጎድታለች፤ መጎዳቷን አለማወቋም ጉዳቱን አይሽረውም።

ስለዚህ እውነቱ በጽሑፍ ሰፍሮ፥ በፖስታ ታሽጎ፥ በሁሉ ፊት በጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይገባዋል። የእንግሊዝ አገር ሰው አንቶኒ ፕራት በጦርነቱ ዘመን የፈለሰፈው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949 ለገበያ የወጣው ክሉዶ የሚባለው የሰሌዳ ጨዋታ ይህንኑ ያደርጋል። ስድስት ተጠርጣሪዎች፥ ስድስት መሣሪያዎች፥ ዘጠኝ ክፍሎች በካርድ ተሥለዋል፤ ከየወገኑ አንዳንድ ካርድ ሳይታይ ወጥቶ በፖስታ ይገባል። ሊሆን የሚችለው ነገር 324 ነው፤ የሆነው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ያንንም አንዱን ከተጫዋቾቹ ማንም ሊለውጠው አይችልም።

ሁለተኛው ሕግ ወደ እውነቱ የሚወስደው መንገድ ለሁሉ የተከፈተ ይሁን የሚል ነው። በዚህ ነገር ላይ ቀድሞ ያሰበ አንድ ካህን ነበር። እንግሊዛዊው የካቶሊክ ቄስ ሮናልድ ኖክስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1929 ወንጀል ተመርማሪ ልብ ወለድ ለሚጽፉ ሰዎች ዐሥር ሕጎች አወጡ። ከነዚያም ውስጥ ወንጀለኛው በታሪኩ መጀመሪያ አካባቢ ለአንባቢው ሊታይ ይገባዋል የሚል፥ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኀይል ምስጢሩን ሊፈታው አይገባም የሚል፥ መርማሪውም ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢው ሊሰውር አይገባም የሚል ይገኝባቸዋል። በ1930ም የእንግሊዝ ደራስያን በዚህ ነገር ማኅበር አቋቁመው፥ ቄስ መርማሪ የሆኑበትን ታሪክ የጻፈውን ቼስተርተንን የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አደረጉት። ጨዋታ ለመሰለ ነገር ይህን ያህል መድከማቸው ስለ ምን ነው? ቢሉ፥ አንባቢውን ማታለል ቀላል መሆኑን፥ ሳያታልሉ ማስደነቅ ግን ጥበብ መሆኑን ስላወቁ ነው።

ይህን የቅኔ መምህራን ያለ ኖክስም ያውቁታል። በሰምና ወርቅ ወርቁ የተሰወረው በሰሙ ውስጥ ነው፤ ቅኔውን የሚሰማ ሰው ቃሉን ቢያገላብጥ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ነው። ባለቅኔው ከቅኔው ውጭ ያለ፥ ማንም ያልሰማውን ነገር አምጥቶ «ወርቁ ይህ ነው» ቢል፥ ሰሚው ለምስጢሩ ጥልቀት ሳይሆን ለባለቅኔው ድፍረት ይገረማል። የጨዋታው ዳኛም ፍጻሜውን ሲገልጥ፥ ተጫዋቾቹ «ይህስ ከፊታችን ነበረ፤ አላስተዋልነውም» ሊሉ ይገባቸዋል እንጂ «ይህን ከየት አመጣኸው?» ሊሉ አይገባቸውም።

በዱመርሶው ምሳሌ ይህ ሕግ አንድ ረቂቅ ነገር ያመጣል። ዳኛው «በማለዳ የአንዱ አልጋ ቡና በጤዛ ርሶ ተገኘ፤ የቀሩት አልጋዎች ቡና ግን ደረቅ ነው» የሚል ፍንጭ ቢያወጣ፥ የአገሩ ልጅ ወዲያው ይነቃል። በአልጋ ላይ የተሰጣ ቡና ማታ ማታ እንደሚሸፈን ያውቃልና፥ በዚያ ሌሊት የዚያን አልጋ መሸፈኛ የገፈፈ ሰው አለ፤ «ማንም ወደ አልጋዎቹ አልቀረበም» ያለው ዘበኛም ወይ ተኝቷል፥ ወይ ዋሽቷል ብሎ ያስባል። ከአዲስ አበባ የመጣ፥ ቡናን ከስኒ በቀር አይቶት የማያውቅ እንግዳ ግን ከዚህ ፍንጭ ምንም አያገኝም። ፍንጩ ለሁለቱ እኩል ተነግሯል፤ ነገር ግን እኩል አልተሰጠም። እንግዲህ ቀናው ሕግ ይህ ነው፤ ዳኛው አስቀድሞ ለሁሉ የሥራውን ልማድ ይንገር፤ ቡና ማታ እንደሚሸፈን ከሌላው የጣቢያው ሥርዐት ጋራ አንድ አድርጎ ይግለጥ። ከልማዱ የሚወጣውን አሳብ ግን አይንገር፤ እርሱ የተጫዋቹ ድካም ነውና። እውቀትን ለሁሉ ማካፈል የዳኛው ግዴታ ነው፤ ማስተዋል ግን የእያንዳንዱ ድርሻ ነው። በእውነተኛው ሸንጎ ላይም ሕጉን የማያውቅ ባላገር ሕጉን ጠንቅቆ ከሚያውቅ ተሟጋች ጋራ ሲቆም፥ «ሁለቱም እኩል ተሰሙ» ማለት ብቻውን ፍትሕ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ሦስተኛው ሕግ የሐሰትን ወሰን የሚወስን ነው። ሁሉም እንደ ወደደ ቢዋሽ ምርመራ ከንቱ ይሆናል፤ ማንም ባይዋሽ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ ጨዋታውን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ሐሰት ለአንድ ሰው ብቻ፥ ለገዳዩ ብቻ፥ እርሱም ስለ ገዛ ሥራው ብቻ ይፈቀድለት። የቀሩት ንጹሓን የሚያሳፍራቸውን ምስጢር በዝምታ ሊሸፍኑ ይችላሉ፤ ሚዛን ያዡ ከሟቹ ገንዘብ መበደሩን በፈቃዱ ላይናገር ይችላል፤ ነገር ግን የዕዳው ወረቀት ወጥቶ በፊቱ ሲነበብ «የኔ አይደለም» ሊል አይገባውም። ገዳዩም ቢሆን ዳኛው ለሁሉ ያወጣውን ፍንጭ «አልተባለም» ብሎ ሊክድ፥ ወይም ያልተሰጠውን ማስረጃ ከልቡ ፈጥሮ በንጹሕ ሰው ላይ ሊያመጣ አይፈቀድለትም። ራሱን መሸፈን ድርሻው ነው፤ የጋራውን መሬት መናድ ግን ድርሻው አይደለም። በዚህ ወሰን የተያዘ ሐሰት ሁሉም አስቀድመው የተስማሙበት ስለ ሆነ፥ የባልንጀራን እምነት የሚሰርቅ ሐሰት አይባልም፤ ወሰኑን ያለፈ ዕለት ግን ስሙ ተለውጦ እውነተኛ ክሕደት ይሆናል።

አራተኛው ሕግ ስለ መክሰስ ነው፤ ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው። ገዳይን ወይም ሌባን በአንድነት የመፈለግ ሥርዐት በአገራችን በጨዋታ ሳይሆን በእውነት ነበረና፥ ከዚያ መማር ይቻላል። ከነዚያ ሥርዐቶች አንዱ ሌባሻይ ነው። አንድ ብላቴና የሚያፈዝ መድኀኒት ይሰጠዋል፤ ከዚያ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይሄዳል፤ በደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። በዚህ ሥርዐት የተያዘው ሰው ምን ሊመልስ ይችላል? ምስክር ቢሆን ምስክሩን በጠየቀው፤ ጽሑፍ ቢሆን ጽሑፉን በመረመረው ነበር። የፈዘዘ ብላቴና ግን ተጠይቆ አይመልስም። ቄስ ኖክስ ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ኀይል ምስጢር አይፍታ ማለታቸው ለልብ ወለድ ውበት ብቻ አይደለም፤ ሊጠየቅ የማይችል ማስረጃ ንጹሑን ሰው አፉን የሚዘጋ ስለ ሆነ ነው። በጨዋታውም «ልቤ ነገረኝ፤ ዐይኑ ያስታውቃል» የሚል ክስ ከዚህ ወገን ነው፤ ሊቀበሉት አይገባም።

ሁለተኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ነው። ወንጀል ተሠርቶ ወንጀለኛው ሲጠፋ፥ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ የተሰበሰበውም ወንጀለኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ ፈጽሞ ያልታወቀ እንደ ሆነ ካሣውን አገሩ በሙሉ ይከፍላል። ይህ ሥርዐት መልካም አሳብ አለው፤ የአንዱ በደል የሁሉ ጕዳይ ነው፥ ያየ ሰው ዝም አይበል ይላል። ነገር ግን ሥራው የተፈታ፥ ከብቱን ለሰው ትቶ የመጣ፥ የተራበ ሰው በሦስተኛው ቀን ምን ያስባል? እውነቱ እስኪገኝ ከመቈየት ይልቅ አንድ ስም እስኪገኝ መቈየት ይቀለዋል፤ ወዳጅ ዘመድ የሌለው፥ እንግዳ፥ ወይም ቀድሞ የተጠላ ሰው ካለ ስሙ ቀርቦ ይገኛል። ሰዎቹ ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ ሕጉ ስም ላወጣ ዕረፍትን፥ «አላውቅም» ላለ ረኃብን ስለ ሰጠ ነው። ሕግ ሰዎችን የሚያገኛቸው እንደ ነበሩ ነው፤ ሲተዋቸው ግን እውነተኞች ወይም ሐሰተኞች አድርጎ ይተዋቸዋል።

ይኸው ድካም በዛሬው ጨዋታ ላይም ይታያል። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቡና ተማሪ የነበረው ዲሚትሪ ዳቪዶፍ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1986 የፈጠረው፥ ከዚያም በዓለም የተሠራጨው ማፊያ የሚባለው ጨዋታ፥ ምስጢሩን የሚያውቁ ጥቂቶች ከማያውቁ ብዙዎች ጋራ የሚታገሉበት ነው። ብዙዎቹ በየቀኑ አንድ ሰው በድምፅ ብልጫ ያስወግዳሉ። ጨዋታው ፈጣንና አስደሳች ነው፤ የሰውን ጠባይ ለመመርመርም ይጠቅማል። ነገር ግን በመጀመሪያው ቀን ምንም ማስረጃ ሳይኖር ሰው ይወገዳል፤ ዝም ያለ ስለ ዝምታው፥ የተናገረ ስለ ንግግሩ ይጠረጠራል። ስለዚህ ሰዎች በአንድነት እውነትን እንዲያወጡ ለሚሻ ጨዋታ ይህ ሕግ አይበቃም።

ቀናው የክስ ሕግ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ከሳሽ ሦስት ነገር ያቅርብ፤ ማን እንደ ገደለ፥ እንዴት እንደ ገደለ፥ ይህንንም የሚያስረዳው በሁሉ ፊት የወጣ ፍንጭ የትኛው እንደ ሆነ። ተከሳሹ ሳይመልስ ማንም አይፍረድ፤ የመጨረሻውም ቃል የእርሱ ይሁን። «ማስረጃው ገና አልበቃኝም» ማለት የተፈቀደ፥ የማያሳፍርም ይሁን። ያለ ማስረጃ የከሰሰ ሰው ጥቂት ዋጋ ይክፈል፤ ለምሳሌ በሚቀጥለው ዙር ሊጠይቅ እንጂ ሊከስ አይችል። የቀድሞ ሰዎች ከሳሽንና ተከሳሽን በአንድ ቁራኛ ማሰራቸው የክስን ሸክም ለሁለቱ ለማካፈል ነበር፤ ነገር ግን እውነተኛውን ከሳሽ ከሐሰተኛው ሳይለይ አሠቃየ። ዋጋው በሐሰተኛው ክስ ላይ ብቻ፥ እርሱም በልክ ቢሆን፥ የቁራኛው መልካም አሳብ ያለ ሥቃዩ ይገኛል።

አምስተኛው ሕግ ስለ መናገር ተራ ነው። ሁሉም በአንድነት የሚሠሩት ታሪክ የአንድ አንደበተኛ ሰው ታሪክ እንዳይሆን ያስፈልጋል። እያንዳንዱ የያዘውን ሰው አሳብና ሥራ የሚወስን ራሱ ብቻ ይሁን፤ ነጋዴውን የያዘ ሰው «ዘበኛው በዚያን ጊዜ ደነገጠ፥ ሸሸም» ብሎ በዘበኛው ፈንታ ሊናገር አይገባውም። ጌዴኦዎች ሶንጎ የሚሉት የሽማግሎች ሸንጎ አላቸው፤ ባሌ በሚባለው፥ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ በሚተላለፍበት ሥርዐታቸው ውስጥ ጠብና ክርክር ወደዚያ ይቀርባል፤ ነገሩም ከሁለቱ ወገን ተሰምቶ ወደ ስምምነት እስኪደርስ ይመከርበታል። በዚያ አገር የሚጫወቱ ሰዎች ስለ መደማመጥ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ነገር ግን አንድ ችግር አለ። ታናሽ ታላቁን አክብሮ ዝም በሚልበት አገር፥ ተማሪ መምህሩን «ገዳዩ እርስዎ ነዎት» ለማለት ይደነግጣል፤ መምህሩም ገዳይ ሆነው ቢገኙ፥ በሕጉ ሳይሆን በዕድሜያቸው ተሸፍነው ያመልጣሉ። የጥንት አይሁድ ሊቃውንት ይህን አስተውለው ኖሮ፥ ነፍስ ያለበት ፍርድ ሲሆን አሳብ ከታናሹ ዳኛ ይጀመር ብለው ሠሩ፤ ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ሊቃወመው አይደፍርምና። በጨዋታውም የአሳብ መስጠት ተራ ከታናሹ ቢጀመር፥ አክብሮቱ ሳይጓደል እውነቱ ይነገራል። በጨዋታው መካከል የተገደለ ወይም የተወገደ ሰው ቢኖርም ወደ ጥግ ተገፍቶ ሌሎች ሲደሰቱ እንዲመለከት መተው አይገባም፤ ፍንጮቹን መዝግቦ የሚይዝ፥ ሲጠየቅም የሚያነብ ጸሐፊ ቢሆን፥ ሥራም ክብርም ያገኛል።

ስድስተኛው ሕግ የጨዋታውን አጥር የሚያጥር ነው። የታሪኩ ሟች በእውነት የሞተ ሰው አይሁን፤ ጠቡም በእውነት ያለ ጠብ አይሁን፤ ገዳዩም በነገዱ ወይም በወገኑ ተለይቶ አይታወቅ። ይህ ሕግ በየትም አገር የሚገባ ነው፤ በጌዴኦ ግን ክብደቱ ይበልጣል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወሰን በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ሁለቱ ሕዝቦች ከጥንት ጀምሮ ደም ሲፈስ የሚታረቁበት ጎንዶሮ የሚባል ሥርዐት አላቸው፤ ነፍስ የጠፋበት ነገር በእርቅ ሳይዘጋ ለልጅ ልጅ እንዳይተላለፍ የሚደረግ ነው። ግድያ ይህን ያህል በሚከብድበት ምድር፥ በአንድ ምሽት ሣቅ «ገዳዩ የእገሌ ወገን መሆን አለበት» የሚል ቃል ቢወጣ፥ ጨዋታው ሲያልቅ ቃሉ አያልቅም። ስለዚህ ዳኛው ታሪኩን ሲያሰናዳ ይህን ይመርምር፤ ከተጫዋቾቹ አንዱ «ይህ ነገር ይነካኛል» ባለ ጊዜም፥ ምክንያቱን ሳይጠይቁት ነገሩን ይተዉት። በመጨረሻም ፖስታው በሁሉ ፊት ተከፍቶ ይነበብ፤ ገዳይ የነበረው ምን እንደ ሸፈነ፥ ሌሎቹ የትኛውን ፍንጭ እንዳለፉት ይናገር፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ስማቸው ይመለሱ። በሐሰት የተከሰሰ ሰው ቢኖር፥ ከሳሹ በሁሉ ፊት «ንጹሕ ነበርህ» ይበለው። ይህ ትንሽ ሥርዐት የጨዋታው ጥርጣሬ ሰውን ተከትሎ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ይከለክላል።

እነዚህን ሕጎች የሚሠራቸው ማን ነው? መቼስ ይሠሯቸዋል? አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ባሳተመው ስለ ፍትሕ በሚናገር መጽሐፍ፥ ሰዎች ባለጠጋ ወይም ድኻ፥ ብርቱ ወይም ደካማ ሆነው እንደሚገኙ ሳያውቁ፥ ከመጋረጃ በስተኋላ ሆነው የሚመርጡት ሕግ የቀና ሕግ ነው የሚል አሳብ አቀረበ። በእውነተኛው ኑሮ ይህን ማድረግ ለማንም አይቻልም፤ ሁሉም ዕጣው ከወጣለት በኋላ ነው ስለ ሕግ የሚከራከረው። በጨዋታው ግን ይቻላል፤ ሕጉን ዕጣ ሳይወጣ መስማማት ነውና። ገዳይ ይሁን ንጹሕ፥ ከሳሽ ይሁን ተከሳሽ የማያውቅ ሰው፥ ገዳዩ የሚያመልጥበት ጥቂት ዕድል እንዲኖረው፥ ንጹሑም ያለ ማስረጃ እንዳይወድቅ፥ ሁለቱንም አስቦ ሕጉን ይሠራል። ዕጣው ከወጣ በኋላ ሕግ ማሻሻል ግን ሊፈቀድ አይገባም፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ለያዘው ዕጣ ይሟገታል።

ሕግ ሲበዛ ደስታ ይጠፋል የሚሉ ይኖራሉ። በርግጥ ዳኛው በየቃሉ ጣልቃ እየገባ የሚያርም ከሆነ ጨዋታው የፍርድ ቤት መዝገብ ይመስላል፤ ስለዚህ ሕጎቹ ጥቂት፥ አጭርና አስቀድመው የሚነገሩ ይሁኑ። ደግሞም ምንም ሕግ ቢሠራ፥ ንጹሕ ሰው አንዳንድ ጊዜ ይከሰሳል፤ ገዳዩም አንዳንድ ጊዜ ያመልጣል። ይህን ፈጽሞ የሚያስቀር ሕግ በጨዋታም በመንግሥትም አልተገኘም። የሕግ ቅንነት የሚለካው ስሕተትን ሁሉ በማጥፋቱ ሳይሆን፥ ስሕተቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ፥ የወደቀበትስ ሰው ምን ሊመልስ እንደሚችል በማየት ነው። ሌባሻይ ስሕተቱን አፍ በሌለው ማስረጃ ሸፈነው፤ አፈርሳታ ስሕተቱን ወዳጅ በሌለው ሰው ላይ ጣለው። ቀናው ሕግ ግን ገዳዩ በማስረጃ ጕድለት እንዲያመልጥ ይታገሣል፤ ንጹሑ በማስረጃ ጕድለት እንዲወድቅ አይታገሥም።

እንግዲህ አስተዋይ ሰው ይህን ጨዋታ ሲጫወቱ ያየ እንደ ሆነ፥ ማን አሸነፈ ብሎ ከመጠየቁ በፊት፥ ጩኸቱ በበረታበት ሰዓት «ቈይ፥ ፍንጩን እንደ ገና አንብቡልን» ያለ ሰው እንዳለ ይመልከት። ያን ቃል ለመናገር ዕድሜም ሹመትም አያስፈልግም፤ ሕጉ ብቻ ቦታ ሊሰጠው ያስፈልጋል። ወጣቶች በማጠቢያ ጣቢያው ታሪክ ላይ ያን ቃል በምሽት ቢለምዱት፥ ነገ በጎረቤታቸው ላይ ያለ ማስረጃ ስም ሲነሣ ለመናገር አይቸገሩም።